የፒያኖው የሥራ አፈጻጸም

ታሪክ ሁልጊዜ በጦር ሜዳ አይሠራም። አንዳንዴ በስብሰባ አዳራሽ ውስጥ፣ ከሻይ ዕረፍት በኋላ፣ ግማሹ ተሰብሳቢ ስልኩን እየነካካ ግማሹ እያንቀላፋ ይሠራል። ነቀምቴ ከተማ በሚገኝ አንድ የተከበረ መሥሪያ ቤት የተሠራው ታሪክም እንዲሁ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ስም እዚህ የማይጠራው ተፈርቶ አይደለም፤ ሌሎቹ እንዳይቀኑ ነው።

መሥሪያ ቤቱ ለመምህሩ የአገልግሎት ማስረጃ፣ ለጡረተኛው የፋይል ግልባጭ፣ ለገበሬው ደግሞ «ነገ ተመለስ» የሚል ቃል ይሰጣል። ባለጉዳይ ግን ምስጋና የለውም። ከጉቴ በጠዋት ተነሥቶ ይመጣና ሦስት ሰዓት ብቻ ቁጭ ብሎ መጮህ ይጀምራል። ጩኸቱ ሠራተኛውን ሥራ ያስፈታል፤ ሠራተኛው ሥራ ላይ በሚገኝባቸው ቀናት ማለት ነው።

ይህንን ችግር ከሥሩ ለመንቀል አመራሩ አዲስ አበባ ድረስ ለልምድ ልውውጥ ሄደ። ያረፉበት ሆቴል እንግዳ መቀበያ ውስጥ የፒያኖ ሙዚቃ ቀስ ብሎ ይንቆረቆራል፤ እንግዶቹ ዝም ብለው ተቀምጠዋል፤ አንድም የሚጮህ የለም። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ኦቦ ሞረዳ ማስታወሻቸውን አወጡና «ሰው ዝም የሚለው በሙዚቃው ነው» ብለው ጻፉ። እንግዶቹ ዝም ያሉት ጉዳያቸው ስላለቀ ይሆን ወይ የሚል ጥያቄ ከልዑካኑ አንዱም አላነሣም። ቢያነሣም የውሎ አበሉ ቀን አልቆ ነበር። ሙዚቃው በፍላሽ ተቀዳና ነቀምቴ ገባ።

ነገሩ የፒያኖ ኮንሰርቶ ነው። ኮንሰርቶ ማለት አንድ ፒያኖ ከሙሉ ኦርኬስትራ ጋር የሚነጋገርበት ድርሰት ሲሆን፣ ይኸኛው በሦስት ክፍል ተከፍሎ ሃያ ስምንት ደቂቃ ይፈጃል። እንዲሁ ከፍተው ባለጉዳዩን ቢያሰሙትስ? አይሆንም! አሠራር አለ። ማንኛውም ግብአት ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት የቴክኒክ ግምገማ ይደረግበታል። ቅጽ ተዘጋጀ፤ ቅጹም ሦስት ባዶ ቦታ ነበረው፦ ፍጥነት፣ ቅኝት፣ ስሜት።

ይህን የሚሞላ ባለሙያ ሲፈለግ፣ ከመቶ ሠላሳ ሠራተኛ መካከል የግል ማኅደሩ ውስጥ «ሙዚቃ» የሚል ቃል ያለበት አንድ ሰው ብቻ ተገኘ። እሱም የኡኬ ቅርንጫፍ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ጂሩ ነው።

ጂሩ እሑድ እሑድ ነቀምቴ በሚገኘው ቤተ ክርስቲያናቸው ኪቦርድ ይመታል። ይህ ሥራ ምን እንደሚመስል ያላየ ሰው ቀላል ይመስለዋል። ዘማሪዋ መዝሙሯን ከየት እንደምትጀምር ለማንም አትነግርም፤ መንፈስ ባስነሣት ቦታ ትጀምራለች። ኪቦርዲስቱ በጣቱ እየዳበሰ ይፈልጋታል፣ ያገኛታል፣ ቃናውን የሚያዛውረውን «ትራንስፖዝ» የሚለውን ቁልፍ ተጭኖ ልክ ቀድመው እንደተነጋገሩ አድርጎ ይቀጥላል። ስትሮጥ ይሮጣል፣ ስትቆም ይቆማል። መሀል ላይ ብታመልጠውም ተከትሎ ይደርስባታል። በዚህ ጥበብ ጂሩን የሚያህል አልነበረም። በዐሥራ ሁለት ዓመት አንዲትም ዘማሪ «ከቃናው ወጥተሻል» ተብላ አታውቅም፤ ምእመናኑም ሁሉም ዘማሪዎቻቸው ጎበዞች መሆናቸውን አምነው ጌታን ያመሰግናሉ።

የጂሩ ባለቤት ኬኔ እዚያው ነቀምቴ፣ ዋናው መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ መስኮት ሦስት ላይ ትሠራለች። የማንም ማመልከቻ ይሁን፣ የባለጉዳይም የሠራተኛም፣ መስኮት ሦስት ቁጥር ካልተሰጠው ማመልከቻ አይባልም። ጂሩ ከኡኬ ወደ ነቀምቴ እንዲዛወር ስድስት ጊዜ አመልክቷል፤ ስድስቱንም ቁጥር የሰጠችው ሚስቱ ናት። መንገዱ ሩቅ ሆኖ አይደለም፤ ያራቀው የጠዋቱ የመግቢያ ፊርማ ነው። ስለዚህ ከሰኞ እስከ ዓርብ ኡኬ ያድራል። አንድ ዓመት ተኩል የሆናት ልጃቸው አሜን «አባ የት አለ?» ስትባል በጣቷ ስልኩን ታሳያለች። ሰው ይስቃል። ጂሩንም አብሮ ያስቀዋል፤ ማታ ግን ጋደም ሲል ያንገበግበዋል።

«ጂሩ» አሉት ኦቦ ሞረዳ ፍላሹን ሲያስረክቡት፣ «ይህን ግምገማ ጥሩ አድርገህ ሥራ። ዝውውርህ እኔ እጅ ላይ ነው፣ ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ፣ ኦቦ ሞረዳ።»

ጉባኤው ተሰየመ። በአንድ በኩል ኦቦ ሞረዳ፣ በሌላ በኩል የእቅድ ክፍሉ ኦቦ ጉደታ፣ ጥግ ላይ ቃለ ጉባኤ ያዧ ወይዘሮ ባዩሽ። ባዩሽ አያቶቿ ከወሎ መጥተው እዚህ የከተሙ ናት፤ አፏን በኦሮምኛ ፈትታ በአማርኛ የምትቀልድ ሴት ናት። ሙዚቃው ተከፈተ። ቫዮሊኑ ጀመረ፣ መለከቱ ተከተለ፣ ከበሮው ገባ። ደቂቃው ይነጉዳል።

«ፒያኖው የታለ?» አሉ ኦቦ ጉደታ።

«ይገባል» አለ ጂሩ።

«መቼ?»

«አራተኛው ደቂቃ ላይ።»

«አራት ደቂቃ አርፍዶ? ዋናው ባለሙያ?»

«አሠራሩ ነው። መጀመሪያ ሌሎቹ ሐሳቡን ያቀርባሉ፤ እሱ ኋላ ይመጣና ያንኑ የራሱ አድርጎ ይደግመዋል።»

«ኧረ በማርያም!» አለች ባዩሽ እየጻፈች፣ «እንደኛው ቤት ነዋ።»

ኦቦ ሞረዳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ወደ ክፍሉ መጨረሻ ላይ ደግሞ ኦርኬስትራው በሙሉ ጸጥ አለና ፒያኖው ብቻውን ወዲያ ወዲህ ይል ጀመር።

«የቀሩት ምን እየሠሩ ነው?»

«እሱን ያዳምጣሉ።»

«ስንት ናቸው?»

«ወደ አርባ ይሆናሉ።»

«አርባ ሰው፣ በሥራ ሰዓት፣ አንድ ሰው ሲሠራ ቁጭ ብሎ ያያል?» ኦቦ ጉደታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ነገሩ እንግዳ ሆኖባቸው አልነበረም፤ ፈረንጅም እንዲህ ያደርጋል ብለው አለመጠበቃቸው ነው።

ከዚያ ሁለተኛው ክፍል መጣ። ፒያኖው ሰው አላየኝም ብሎ እንደሚናገር ሰው፣ ዝግ ብሎ ብቻውን ጀመረ። ጂሩ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ፤ ጣቶቹ አልተንቀሳቀሱም። ለመጀመሪያ ጊዜ ማንንም እየተከተለ አልነበረም። የባዩሽ እስክሪብቶ ቆመ። ከበሩ ውጭ፣ የባለጉዳይ አዳራሽ ውስጥ ያለው ጫጫታም ቀስ በቀስ ረገበ።

ጂሩ ሲወጣ፣ ለባላቸው የጡረታ ፋይል ከጉቴ ሦስት ወር የተመላለሱት አዛውንቷ ኣዴ ፌኔት እጁን ያዙት።

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ይሄ ሰው ማን ሞቶበት ነው?»

«አላውቅም ኣዴ። የሆነ ሰው ግን ሞቶበታል።»

«አይዞህ በልልኝ» አሉ፤ መቀነታቸውን ጠበቅ አድርገው ተመልሰው ተቀመጡ። የዚያን ቀን ማንም ላይ አልጮሁም።

ጂሩ ያንኑ ከሰዓት ቅጹን ሞላ። የሰማውን ብቻ ነው የጻፈው። ፍጥነት፦ ቀስ ያለ። ቅኝት፦ ማይነር፣ የትካዜ ቅኝት። ስሜት፦ ሐዘን፣ ግን የሚያጽናና። ስለ ሌላ ሰው ቃና እውነቱን አፍ አውጥቶ ሲናገር በሕይወቱ የመጀመሪያው ነበርና ትንሽ ኩራት ተሰማው። በማግስቱ ተጠራ።

«ጂሩ፣ ሐዘን?» አሉ ኦቦ ሞረዳ።

«አዎ፣ ኦቦ ሞረዳ።»

«በዚህ በጀት ዓመት?»

ኦቦ ሞረዳ የእቅዱን ሰነድ ገለጡ።

«እቅዳችን ላይ ሐዘን የለም። የበላይ አካል ቢጠይቀኝ ምን ልበል? ባለጉዳዩን በተጠና መንገድ እያሳዘንነው ነው ልበል?»

«‹ቀስ ያለ› የሚለውስ?» ኦቦ ጉደታ ጣታቸውን ግድግዳው ላይ ወዳለው ጽሑፍ ቀሰሩ። «እዚያ ላይ ‹ቀልጣፋ አገልግሎት› ይላል። ከሥሩ ቀስ ያለ ሙዚቃ ልንከፍት ነው?»

«ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ?» አለ ጂሩ እየፈራ።

«ስንት ሩብ ዓመት ፈጀበት?» አሉ ኦቦ ጉደታ። «ተረቱ ቀነ ገደብ የለውም።»

ስለዚህ የሚከተለው በአንድ ድምፅ ተወሰነ። ፍጥነቱ በመጀመሪያው ሩብ ዓመት ሃያ በመቶ፣ በሁለተኛው ሃምሳ፣ በሦስተኛው እጥፍ ያድግ። ቅኝቱ ከፍ ይበል፤ ዝቅ ያለ ድምፅ ዝቅ ያለ አመለካከት ያመጣል። ስሜቱ «ደስታና ተስፋ» ተብሎ ይስተካከል። አስፈጻሚ፦ ጂሩ።

ጂሩ «ይሄ ሙዚቃውን መግደል ነው» ሊል አፉን ከፈተ። አሜን በዓይኑ ላይ መጣችበት፤ ጣቷን ወደ ስልኩ ቀስራለች። አፉን መልሶ ዘጋ። የዐሥራ ሁለት ዓመቱን ልምድ አመጣና ኃላፊው ከጀመሩበት ቦታ ፈልጎ አገኛቸው።

«እሺ፣ ይቻላል» አለ። በዚያው ሳምንት ሃያ በመቶ የፈጠነው ሙዚቃ የባለጉዳይ አዳራሹ ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ ይከፈት ጀመር።

ቅዳሜ ቤቱ ሲገባ ኬኔ ራሷን በሻሽ ጠፍራ አሥራ ጠበቀችው።

«ያን ሙዚቃ ምን አደረጋችሁት? የታመመ ሰው እኮ ነው የምታስሮጡት!»

«ለእኛ ብዬ ነው፣ ኬኔ። ትንሽ ታገሺ።»

«እታገሣለሁ። ድምፅ ማጉያው ግን ያለው ከኔ አናት በላይ ነው። እሺ፣ ብቻ ና እንጂ» አለችና ልጅቷን አስታቀፈችው። ልጅቷ ፊቱን አየችና፣ ግራ ገብቷት፣ ስልኩን አሳየችው።

ሥራው በእቅዱ መሠረት ቀጠለ። በሁለተኛው ሩብ ዓመት ቅኝቱ ሦስት ደረጃ ወጣ። ሐዘኑ ግን አልወጣ አለ፤ ያው ያዝናል፣ ድምፁ ቀጠነ እንጂ። ኦቦ ጉደታ «ደስታው አልተሰማኝም» የሚል ማስታወሻ ጻፉ። ጂሩ ምን ያድርግ? ከኪቦርዱ ውስጥ ለሰርግ የሚያገለግለውን ምት አወጣና ከሥሩ ጨመረበት። ሟች ቤት ሰርገኛ ገባ። በሦስተኛው ሩብ ዓመት ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን፣ የሃያ ስምንቱ ደቂቃ ድርሰት በዐሥራ አራት ደቂቃ ያልቅ ጀመር፤ ፒያኖው ቆርቆሮ ላይ የሚዘረገፍ በቆሎ መሰለ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እዚህ ግን የሚለቅም አልነበረም፤ ማፍሰስ ብቻ ነው።

በዚህ መሀል ኣዴ ፌኔት እንደገና መጡ። አዳራሹ ውስጥ አንድ አፍታ ተቀምጠው ወደ መስኮት ሦስት ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ ያ የሞተበት ሰውዬ አበደ እንዴ?»

«ኣዴ፣ እኔም ላብድ ነው» አለች ኬኔ። «ይልቅ ኡኬ ይሂዱ። እዚያ ድምፅ ማጉያ የለም።»

ኣዴ ፌኔት ኡኬ ሄዱ። እዚያ ጂሩ ፋይሉን በአንድ ቀን ፈልጎ ግልባጩን ሰጣቸው፤ ዋናው መሥሪያ ቤት ውስጥ ወራት ሙሉ የጠፋው ፋይል ግልባጭ ኡኬ መዝገብ ቤት ሁለተኛው መደርደሪያ ላይ ነበር። «ገለቶሚ፣ ተባረክ» ብለው እየመረቁት ወጡ። ወሬውም አብሯቸው ወጣ። ባጃጅ ነጂው ለተሳፋሪው፣ ተሳፋሪው ለጎረቤቱ፣ ጎረቤቱ ለእድሩ ነገረ። ሳምንት ሳይሞላ መናኸሪያው ውስጥ ረዳቶቹ «ኡኬ! ኡኬ! ማስረጃ ኡኬ! ፋይል ኡኬ!» እያሉ ይጣሩ ጀመር። የነቀምቴ ሰው ነቀምቴ ያለውን መሥሪያ ቤት አልፎ፣ ሚኒባስ ተሳፍሮ፣ ኡኬ ይሄዳል። ጂሩ ከጠዋት እስከ ማታ ፋይል ተሸክሞ ሲሮጥ ወገቡ ተቆረጠ። ይህን ሁሉ ሰው ራሱ በጣቱ ተጭኖ እንዳመጣው ሲያስበው ይስቃል፤ ከዚያ «ግድ የለም፣ ሊያልቅ ነው» ብሎ ራሱን ያጽናናል።

ነቀምቴም ያሰበችውን አገኘች። የዓመቱ ሪፖርት እንዲህ ይላል፦ «በአዳራሻችን የባለጉዳይ ቆይታ ከሦስት ሰዓት ወደ ዐሥራ አንድ ደቂቃ ዝቅ ብሏል። የቃል ቅሬታ፣ የጽሑፍ ቅሬታና ጩኸት የለም። ወንበሮቻችን ያለ መጨናነቅ አገልግሎት እየሰጡ ነው።» ወንበሮቹ ላይ ማንም አልነበረም፤ ሪፖርቱ ግን አልዋሸም፤ የተቀመጠ ሰው አለ ብሎ የጻፈበት ቦታ የለም። ሞዴል መሥሪያ ቤት ተብለው ዋንጫ ተሸለሙ።

የሽልማቱ ቀን ኦቦ ሞረዳ ከረባታቸውን አጥብቀው ተናገሩ።

«የተከበራችሁ ሠራተኞች! ፒያኖ ቀድሞም ነበረ። ፍጥነትም ቀድሞ ነበረ። እኛ ግን አገናኘናቸው!»

ተጨበጨበ። ከዚያ ደብዳቤ ይታደል ጀመር። ጂሩ ሁለት እጁን ዘርግቶ የራሱን ተቀበለና እዚያው መድረክ ላይ ከፈተው። «ባስመዘገቡት የላቀ ውጤት ከኡኬ ቅርንጫፍ ወደ ነቀምቴ ዋናው መሥሪያ ቤት፣ በድምፅና ስሜት ባለሙያነት ተዛውረዋል» ይላል። አራት ዓመት ሙሉ የለመነው ነገር በአንድ መስመር ተጽፎ እጁ ላይ ነው። «ጌታ ሆይ ተመስገን!» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ፤ በዓይኑም ኬኔን ፈለጋት።

ኬኔ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ የራሷን ፖስታ ታነባለች። «በመስኮት ሦስት የሚስተናገደው ባለጉዳይ ቁጥር እጅግ በመቀነሱ፣ በኡኬ ቅርንጫፍ ደግሞ ከአቅም በላይ በመጨመሩ፣ መስኮቱ ከነማኅተሙና ከነሠራተኛዋ ከነገ ጀምሮ ወደ ኡኬ ተዛውሯል።» የሁለቱ ደብዳቤ ቁጥር ተከታታይ ነው። ቀኑ አንድ ነው፤ ፊርማውም የአንድ እስክሪብቶ ነው።

ጂሩ ከመድረኩ ወርዶ ኦቦ ሞረዳ ጋ ሮጠ።

«ኦቦ ሞረዳ፣ ስሕተት አለ!»

«የፊደል ነው የቁጥር?»

«የሰው ነው። እኔን እዚህ አመጣችሁኝ፣ ኬኔን እዚያ ላካችኋት። እኔ የለመንኩት ከእሷ ጋር ለመሆን እኮ ነው!»

ኦቦ ሞረዳ አዘኑለት፤ ክፉ ሰው አይደሉም። እጃቸውን ትከሻው ላይ ጣል አደረጉ። «ማመልከቻህን ስድስት ጊዜ አንብቤዋለሁ፣ ልጄ። ‹ወደ ነቀምቴ› ነው የሚለው። ነቀምቴን ጠየቅህ፣ ነቀምቴን ሰጠንህ። ቅር ካለህ ማመልከት መብትህ ነው።»

«የት?»

«መስኮት ሦስት።»

መስኮት ሦስት መጋረጃው ወርዶ፣ መስታወቱ ላይ ወረቀት ተለጥፎበታል፦ «አገልግሎቱን ኡኬ ቅርንጫፍ ያገኛሉ።» ወረቀቱ በጣም ንጹሕ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ጂሩ እንደ ባለጉዳይ ሚኒባስ ተሳፍሮ ኡኬ ወረደ። ሰልፉ ከበሩ ውጭ ጭቃው ድረስ ተዘርግቷል። እዚያ ዓመታት የሠራ ሰው ነውና የሚያውቁት «እለፍ፣ እለፍ» አሉት፤ እሱ ግን አፍሮ ተራውን ጠበቀ። ሦስት ሰዓት ቆመ። መስኮቱ ጋ ሲደርስ ኬኔ አሜንን በነጠላ አዝላ፣ አንገቷን ደፍታ ትጽፋለች።

«ቀጣይ! ጉዳዩ?»

«ዝውውር።»

ድምፁን ስትሰማ ቀና አለች። ወረቀቱን ተቀበለችው።

«ከየት ወደ የት?»

«ከነቀምቴ ወደ ኡኬ።»

ኬኔ ከንፈሯን ነከሰች፤ ሳቋ ግን አመለጣት። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ሰልፈኛውም ምን እንደተፈጠረ ሳያውቅ አብሯት ሳቀ።

«ምክንያት?» አለች እንባዋን እየጠረገች።

«ባለቤቴ ኡኬ ናት።»

«ማስረጃ?»

«ይኸው ፊቴ ተቀምጣለች።»

«የጽሑፍ ነው የሚያስፈልገው፣ የኔ ጌታ» አለች፤ ቢሆንም ማኅተሙን በትንፋሿ አሟሙቃ በደንብ አድርጋ መታችለትና ኡኬ ቅርንጫፍ መዝገብ ላይ ቁጥር ሰጠችው።

በዚያ ሩብ ዓመት መጨረሻ የነቀምቴው ዋናው መሥሪያ ቤት ለበላይ አካል ሪፖርት አደረገ። «በመሥሪያ ቤታችን መስኮት ከሠራተኛ አንድም የዝውውር ማመልከቻ አልቀረበም፤ ይህም ሠራተኛው ባለበት ቦታ ደስተኛ ለመሆኑ በቂ ማስረጃ ነው» ይላል። ከመላኩ በፊት የሠራተኛውን ደስታ እንዲያረጋግጥ የተመራው ለድምፅና ስሜት ባለሙያው ነበር። ጂሩ አነበበው፣ ትንሽ አሰበ፣ ፈረመበት።